ሦስተኛው ጭልፋ

አውም ሚንዱ ስለ አፍንጫዬ የገጠመችው ግጥም ዛሬም ድረስ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይገባል። ጎረምሳ ሳለሁ ነው የገጠመችው። ለመንደሬ ለሪፑ ፍላጻ ልለቅ ቀስቴን ወጥሬ ቆሜያለሁ። እሷ ከተጋጣሚያችን መንደር ከጋንግካ ሴቶች መሀል ወጣ አለችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንዲህ ስትል ዘፈነችብኝ፦

አፍንጫህ ረጅም፣ ፍላጻህ አጭር፣
እሱን አስቀምጠህ በአፍንጫህ ሞክር።

ያ ፍላጻ የት እንደወደቀ እስካሁን አልተገኘም። ዛሬ ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ፀጉሬ ሸሽቶ፣ እሁድ ገበያ ስወጣ ቃሪያ ሻጮቹ እርስ በርሳቸው «አፍንጫው መጡ» ይባባላሉ። ስሜ ዳጎ ነው፤ ሚንዱን በክብር አውም እንደሚሏት እኔንም አፕ ዳጎ ሊሉኝ ይገባ ነበር፤ ግን ማን ይጠይቀኛል።

በእኛ በፓሮ ሸለቆ ቀስት የሚለቀው ሰው ከዒላማው አንድ ትልቅ እርሻ ያህል ርቆ ይቆማል። የተቃራኒው መንደር ሴቶች ደግሞ ክንዱን ሊነኩት እስኪደርሱ ተጠግተው ይዘፍኑበታል፤ ስለ ሆዱ፣ ስለ ቅልጥሙ፣ ስለ ሚስቱ ወጥ። ከተናደደ ይስታል፤ ከሳቀም ይስታል። ሴት ቀስት አትነካም የሚባል ነገር አለ፤ ሚንዱም በዕድሜዋ አንድ ቀን ነክታ አታውቅም። ነገር ግን የፓሮ ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ካከሸፈው ፍላጻ እሷ በአፏ ያከሸፈችው ይበልጣል።

ባሏ ልጃቸው ቢዳ ገና በጀርባ ስትታዘል ሞተባት። ከዚያ ወዲህ የፖም ዛፎቹንም፣ የቀይ ሩዝ ማሳውንም፣ ጣሪያ ላይ የሚሰጣውን ቃሪያም ብቻዋን ይዛ ኖረች። ሌላ አግቢ ያሏት ብዙ ነበሩ። እሷ ግን የሚያገባኝ ሰው በመጀመሪያ የምዘፍንበትን መቻል አለበት ትላለች፤ ማንም አልቻለም። ግጥሞቿን የምትገጥመው ፖም ስትለቅም ነው። በመከር ጊዜ በእርሻዋ አጠገብ ሲያልፉ ዛፍ ላይ ሆና ብቻዋን ስትስቅ ከተሰማ፣ በመጪው ክረምት፣ ቀስት በሚለቀቅበት የብርድ ወራት፣ ጉድ የሚፈላበት ሰው ተገኝቷል ማለት ነው። በበኩሌ እንዲያ ስትስቅ ከሰማሁ መንገድ እቀይራለሁ።

ቢዳ አደገችና የእኅቴን ልጅ ሲንጌን አገባች። በአገራችን ልማድ ሙሽራው ወደ ሚስቱ ቤት ስለሚገባ፣ ሲንጌ ወንዙን ተሻግሮ ከአማቱ ጋር መኖር ጀመረ። ሰው ቀስት የሚለቀው ግን ለተወለደበት መንደር ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው ጋንግካ ሄደ፣ ቀስቱ ሪፑ ቀረ። ይህ ማለት አማቱ ጠዋት ቁርሱን ታበላዋለች፣ ረፋድ ላይ ሜዳ ወጥታ ትሰድበዋለች፣ ማታ ደግሞ ራቱን ታቀርብለታለች ማለት ነው።

ሰዉ ይህን ለማየት ሲል ብቻ ከሩቅ መንደር ይመጣ ነበር። ሚንዱ ለአማቿ የሚሆን ግጥም አታጣም። እግሩ ቀጭን ነው፣ ሲያንኮራፋ ላሟ ወተት ትከለክላለች፣ ቀስቱን የሚይዘው እንደ መጥረጊያ ነው። ሲንጌ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል፣ ይለቃል፣ ይመታል። በሪፑ ከእሱ የተሻለ ቀስተኛ አልነበረንም። እኔ አጎቱና የቡድኑ አለቃ ነኝና ስለ እሱ ስናገር ደረቴ ቢነፋ አይፈረድብኝም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሲንጌ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ቤት ኖሮ ሚንዱን «እርስዎ» ነው የሚላት። ማዕድ ላይም እንደ እንግዳ ነው። መቼም እኛ ዘንድ የቀረበለትን በመጀመሪያው እሺ ብሎ የሚቀበል ሰው የለም፤ መዳፍን አፍ ላይ ጋርዶ «መሹ፣ መሹ» ይባላል። ጠግቤያለሁ ማለት ነው፤ አልጠገብኩም ማለትም ነው። አቅራቢው ደግሞ ይጠይቃል፣ አሁንም «መሹ» ይባላል፣ በሦስተኛው ጭልፋው ሳህን ውስጥ ይገለበጣል። ይህ ለእንግዳ ነው። የቤት ልጅ ግን ሳህኑን ይዘረጋል እንጂ አፉን አይሸፍንም። ሲንጌ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሸፈነ። ሚንዱ ይህ ሰው ቤቴ አልገባ አለኝ እያለች ለእኔ ታማው ነበር፤ እየሳቀች ነው የምታማው፣ ግን ከልቧ አልነበረም ሳቁ።

ያለፈው ዓመት ክረምት ላይ ነገሩ ተበላሸ። የእኛና የጋንግካ ግጥሚያ ነበር። ሲንጌ ነፋስ አታለለውና አንድ ፍላጻ ሳተ። ሕዝቡ ገና ሲያጉረመርም ሚንዱ አፏ እንዳመጣላት አወጣችው፦

አሁን ሳተ ብላችሁ ምን ይደንቃችኋል፣
እቤቱም ሲስት ነው ስንት ዓመት ሞልቶታል።

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ሲንጌና ቢዳ ልጅ እንዳልወለዱ የማያውቅ አልነበረም። ሲንጌም ከሰዉ ጋር ሳቀ፤ እኔ ራሴ ሲስቅ አይቼዋለሁ። በዚያው ወር ግን እጁ እምቢ ማለት ጀመረ። ለብቻው ሲለማመድ ዓይነ ስውር እንኳ የማይስተውን ያህል ቀላል አድርጎ ይመታል። ግጥሚያ ሲሆን ግን ቀስቱን ይወጥራል፣ ጣቶቹ ይቆለፋሉ፣ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ መልቀቅ ያቅተዋል። አንድ ጊዜ ሳያስበው አመለጠውና ፍላጻው ዒላማው አጠገብ ቆሞ የሚመታውን ይቆጥር ከነበረው ሰው እግር ሥር ተሰካ። ማታውኑ እኔ ቤት መጥቶ ቁጭ አለና በመጪው ዓመትም እንዲህ ከሆንኩ ቀስቱን ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ አለኝ። ሰው ሳልገድል ልተው ነው ያለው። ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

የሸለቆው የቀስት ማኅበር በዚህ ደንግጦ ለቀጣዩ ክረምት ከዋና ከተማው ከቲምፉ አንድ ሰው አስመጣ። ኩንጋ ይባላል፤ የስፖርተኛን ልብ የተማረ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው የማይመስል፣ ትሑት ሰው ነው። ጭንቀትን መታገል ሳይሆን ከምንጩ ማድረቅ ነው የሚሻለው አለን። ምንጮቹን ሲፈልግ ሰነበተና አራት ነገር አዘዘ። ዒላማው አጠገብ የሚቆመው ሰው ራቅ ብሎ ይቁም። ቀስተኞች ከግጥሚያ በፊት እንደ ልማዱ አንድ ላይ ድንኳን ማደሩን ትተው ቤታቸው ይደሩ። ከመልቀቅ በፊት ቀስ ብሎ ትንፋሽ ይሳብ። አራተኛው ደግሞ ሴቶቹ ለአንድ ክረምት አፋቸውን ይዝጉ፤ ከዚያ ምን እንደተለወጠ አይተን፣ ጥሩ ከሆነ ለሁልጊዜው ይከልከል።

ይህ ሲነገር ሁላችንም የተመለከትነው ሚንዱን ነው። ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ወደ ሲንጌ አየት አድርጋ፣ ሕግ ከሆነ ሕግ ነው ብላ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግጥሚያ ስትመጣ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ አይብ አፏ ውስጥ ትከታለች። ያን አይብ ለማለስለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አፌ ሥራ ካልያዘ አይታመንም ነው የምትለው።

እንግዲህ ያን ክረምት ሜዳችን ምን እንደመሰለ ልንገራችሁ። ቀብር የመጣን ነበር የሚመስለው። ሴቶቹ ጌጠኛ ልብሳቸውን ለብሰው ተደርድረው ይቆማሉ፣ ማንም ምንም አይልም፣ የቀስቱ አውታር ሲጠብቅ ሲጥ ማለቱ ሳይቀር ይሰማል። አንዱ ሲስት የሚሰድበው የለም። የሚያጽናናውም የለም። ፍላጻውን ሊያነሣ ያን ሁሉ ሜዳ ብቻውን እያቋረጠ ይሄዳል። ድሮ ስንሰደብ ጥፋቱን ለሴቶቹ እንሰጥ ነበር፤ አሁን ለማን እንስጥ? በሁለቱም መንደር ዒላማ የሚመታ ሰው ጠፋ።

ኩንጋ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ አንድ ጎድጓዳ የእንጨት ሳህን ያዞራል። ልቡ የከበደው ብዙ ጠጠር ይጥላል፣ የቀለለው ጥቂት። እያንዳንዳችን በተራ ቀርበን፣ አንገታችንን ዝቅ አድርገን፣ አንድ ወይ ሁለት ጠጠር ጣል አድርገን እንመለሳለን። ሲንጌም ሁለት ነበር የሚጥለው። ኩንጋ በጠጠሩ ደስ ይለዋል፣ ወደ ዒላማው ሲያይ ግን ግራ ይገባዋል። ልባችሁ እንዲህ ቀሎ እጃችሁ ለምን ከበደ እያለ ይጠይቀናል። እኛም ነፋሱ ነው እንላለን።

ከአዲሱ ዓመት ግጥሚያ በፊት የማኅበሩ ስብሰባ ሊሆን ነው፤ ኩንጋ እዚያ ውጤቱን ሊናገር ነው። ጠጠሩ ጥሩ ካለ የሚንዱ ዘፈን ለዘላለም ሊቀር ነው። እሷም ይህን ታውቃለች። በዚያው ሰሞን ኩንጋን ራት ጠራችው። እኔ ሰው የምጠላው አብልቼ ነው አለችኝ፤ እኔንም ጠራችኝ፣ እንደምትጣላው ወይም እንደምትታረቀው ገና አልወሰነችም ነበር።

ቤቷ ስገባ የገረመኝ ነገር፣ ያ ቤት ዝም ብሏል። ድሮ ያ ቤት በሳቅ ብዛት ከመንገድ ይሰማ ነበር። ቢዳ በር ላይ ይዛኝ፣ እናቷ ዘፈኑ ከተከለከለ ወዲህ ቤት ውስጥም ከሲንጌ ጋር መቀለድ እንዳቆመች በሹክሹክታ ነገረችኝ። ምግቡን ታስቀምጥለታለች፣ ዞር ትላለች። እጁን ያንቀጠቀጠው ምላሴ ከሆነ ቤትስ ውስጥ ለምን እለቅበታለሁ ብላ ነው። ሲንጌ ግን ይህን አያውቅም፤ ማንስ ነግሮት።

ቀይ ሩዝ፣ ቃሪያ በአይብ፣ ከነጭ ሥር ጋር የተቀቀለ የደረቀ ሥጋ ቀረበ። ኩንጋ ከጠዋት ጀምሮ በእግሩ መንደር ለመንደር ሲዞር የዋለ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ሳህን እንዴት እንደጨረሰው አላየንም። ሚንዱ ጭልፋውን ይዛ ቀረበች። እሱም መዳፉን አፉ ላይ ጋርዶ «መሹ፣ መሹ» አለ። ደገመችለት፤ አሁንም «መሹ» አለ፣ ዓይኑ ግን ድስቱ ላይ ነው። እሷም የልማዷን ገለበጠችበት። ይሄኔ ሰውዬው መዳፉን ከአፉ ሳያነሣ ደርቆ ቀረ። ያነቀው መስሎኝ ልነሣ ስል ወደ እኔ ዞረ።

«አፕ ዳጎ፣ በመጀመሪያው ግጥሚያ ስንት ጠጠር ነበር የጣሉት?»

«አንድ።»

«ልብዎ እውነት እንደዚያ ቀሎት ነበር?»

«ኧረ ሆዴ ሲታወክ አድሯል!» አልኩት። «ታዲያ ምን ልበልህ? ለእኛ ብለህ ከከተማ ድረስ መጥተህ፣ ገና ከመጀመሪያው ‹ከብዶኛል› ይባላል? ነውር አይደለም እንዴ?»

ኩንጋ ሳህኑን አስቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ራሴ የዚህ አገር ልጅ ሆኜ አለ፤ ክረምቱን ሙሉ የእናንተን «መሹ» ስቆጥር ከረምኩ። አንድ ጊዜ ጠይቄ፣ ያውም ሰው ፊት። ወዲያው ሳቁን አቆመና ሲንጌን ትኩር ብሎ አየው። ዝምታው ከመጣ ወዲህ ጭንቀትህ ቀነሰ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሲንጌ ቀንሷል አለ። ደግሞ ጠየቀው፤ ደህና ነኝ አለ። ሦስተኛውን ሲጠይቀው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ሚንዱ ጭልፋ ስታነሣ እንደምታደርገው ወደ እሱ ጎንበስ ብሎ።

ሲንጌ ሳህኑን አስቀመጠ። «ዝምታው ነው የገደለኝ» አለ በመጨረሻ። «ድሮ እማማ ሰው ፊት ይሰድቡኛል፣ ማታ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለን በዚያው እንስቃለን። የት እንደቆምኩ አውቅ ነበር። አሁን ሜዳውም ዝም፣ ቤቱም ዝም። ጠልተውኛል ብዬ ነው የማስበው። ቀስቱን ስወጥር ይሄ ነው የሚመጣብኝ።»

ሚንዱ አፏን ከፈተች፣ ኩንጋ ግን በእጁ ቆይ አላት። ይህ ሰው ሥራውን ያውቃል ያልኩት ያኔ ነው። እጅህ የታመመው ግን ዘፈኑ ሳይከለከል ነው አለው፤ ያኔስ ምን ነበር? ሲንጌ አንድ ጊዜ ተጠየቀ፣ ሁለተኛ ተጠየቀ። በሦስተኛው የመለሰችው ቢዳ ናት።

«ስለ ሆዱ ግጠሚ፣ ስለ እግሩ ግጠሚ» አለች እናቷን እያየች። «የእኔና የእሱ ጓዳ ግን ያንቺ ዒላማ አይደለም፣ እማዬ።»

ሚንዱ ጭልፋውን ቀስ ብላ ድስቱ ላይ አጋደመችና ወደ ላሞቹ ወጣች። ትንሽ ቆይቼ ተከተልኳት። የላሟን አንገት እያሻሸች ነበር። ሰው ሲስቅ አፌ ይቀድመኛል አለችኝ፤ እሱን የወጋሁ መስሎኝ ልጄንም ወግቻታለሁ፣ እሷም እስከ ዛሬ ችላኛለች። አለቀሰችም። እኔም አፍንጫዬን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። አዘንኩላት፤ ደግሞም በልቤ ደስ አለኝ፣ ያ ዝምታ በመጨረሻ ስለተሰበረ።

ኩንጋ ከዚያ በኋላ ጠጠሩን ወንዝ ጣለው። ሁለቱን መንደሮች ቤት ለቤት እየዞረ፣ እያንዳንዱን ቀስተኛ ለብቻው፣ የቅቤ ሻዩን እየጠጣ ሦስት ሦስት ጊዜ ጠየቀ። እኔን ሲጠይቀኝ በሦስተኛው ላይ የሆዴን ጉድ ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ ሳይሰለች ሰማኝ። በስብሰባው ላይ ተነሥቶ መጀመሪያ የተናገረው የራሱን ስሕተት ነው። ከዚያ ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሣ። ሰውን ከዒላማው ማራቁ ጠቅሟል፤ ሁላችንም ጓደኛችንን እንወጋለን ብለን ስንፈራ መኖራችንን ያወቅነው ፍርሃቱ ሲለቀን ነው። ትንፋሹም ጠቅሟል፣ ምንም እንኳ መጀመሪያ ላይ ምጥ የያዛት ይመስላል እያልን ብንሳሳቅበትም። ቤት ማደሩ ሽማግሌዎቹን ደስ አሰኝቷል፣ ጎረምሶቹን ግን አስከፍቷል፤ ስለዚህ እንደየፈቃዱ ይሁን። ዝም ማሰኘቱ ግን ከሽፏል አለ። ከሰደበን ሰው ይልቅ ዝም ያለን ሰው ነው ያስጨነቀን።

ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስድብ ሁሉ ደግሞ ጨዋታ አይደለም አለ። ከቤታቸው ጉዳይ ጋር በተያያዘ ግጥም ልባቸው ቆስሎ ለዓመታት ስቀው ያለፉ ሌሎች ሰዎችም አግኝቷል፤ ስም አልጠራም። ሳቅ «መሹ» ሊሆን ይችላል ነው ያለው። ስለዚህ ከበር ውጭ ያለው ሁሉ ይዘፈንበት፣ ከበር ውስጥ ያለው አይነካ ተባለ። ሁሉም እሺ አለ። ያኔ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ የሚስት ወጥ ከበር ውስጥ ነው ወይስ ከበር ውጭ ብሎ ጠየቀና በዚህ የተነሣው ክርክር ከሌላው ጉዳይ ሁሉ በለጠ። ወጥ ሽታው መንገድ ድረስ ስለሚወጣ ከበር ውጭ ነው ተብሎ ተወሰነ።

የአዲሱ ዓመት ግጥሚያ ከጋንግካ ጋር ነበር። ሴቶቹ አፋቸው ተፈቶ ገና ከመንገድ ጀምረው እየዘፈኑ መጡ። ሚንዱ ግን ከኋላቸው ናት፣ ጉንጯ አብጧል፤ አይቡን ነክሳለች። ምነው ብላት ራሷን ነቀነቀች። ተፈቅዶላትም ፈርታለች። እሷ የሌለችበት ዘፈን ጨው እንደሌለው ወጥ ነበር። እኛ አንድ እነሱ አንድ እያልን ስንቀራረብ ቆይተን የሲንጌ ተራ ደረሰ።

ቀስቱን ወጠረ። ክንዱ ቆመ። ያ የምፈራው መንቀጥቀጥ ከትከሻው ሲነሣ ከቆምኩበት አየሁት። ሜዳው ጸጥ አለ፤ ሁሉም ያውቃልና። ሲንጌ ቆየ፣ ቆየና ሳይለቅ ቀስቱን ዝቅ አደረገው። አለቀለት፣ ሊሰቅለው ነው አልኩ። እሱ ግን ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«እማማ» አለ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ፣ «ዛሬ ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ? ወይስ የሚሰደብ ነገር አጡብኝ?»

ሚንዱ ሴቶቹን በክንዷ ገፋ አድርጋ ወደፊት ወጣች። ቢዳን ፈልጋ አየቻት፤ ቢዳ ከሰዉ መሀል በአገጯ አዎ አለቻት። አይቡን ተፋችው። ከዚያ እጇን እንደ ድሮው ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አማቿን እንደ ትልቅ ሰው አንቱ እያለች ጀመረች፦

ሩዝ ብሰጣቸው ‹መሹ›፣ ወጥ ብሰጣቸው ‹መሹ›፣
ዒላማ ቢሰጧቸው ‹መሹ› ሲሉ አመሹ።

የሳቁን ነገር ምን ልበላችሁ፤ ኩንጋ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሲንጌ ራሱ ቀስቱን ተመርኩዞ ሳቀ፣ ያ የጓዳ ግጥም ሳይመጣ ይስቅ እንደነበረው። ሴቶቹ «አመሹ፣ አመሹ» እያሉ ተቀበሏት። እሱም ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ኩንጋ እንዳስተማረው ትንፋሹን ቀስ ብሎ ሳበ፣ ቀስቱን ወጠረና በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ለቀቀው። ዒላማው አጠገብ ያሉት ሰዎቻችን እጃቸውን ዘርግተው መጨፈር ሲጀምሩ ነው መምታቱን ያወቅነው። ዒላማ ለመታ የሚታሰረውን ባለ ቀለም ጨርቅ ወገቡ ላይ ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ጣቶቹን ነካኋቸው፣ አይንቀጠቀጡም።

ጨዋታውን ግን ተሸነፍን። የመጨረሻውን የሳትኩት እኔ ነኝ። ሚንዱ አፏ ከተከፈተ ወዲያ ማን ይዘጋዋል፤ ያን የአፍንጫ ግጥም ከመቃብር አውጥታ ከነጎረቤቶቿ ዘፈነችብኝ።

ማታ ሁላችንም እሷ ቤት ገባን፤ አሸናፊ መጋበዝ አለበት ብላ አስገደደችን። ያ ቤት እንደ ድሮው ከመንገድ ይሰማ ነበር። የመጀመሪያው ሳህን አለቀና ሚንዱ ጭልፋዋን ይዛ ዞረች። ሲንጌ ጋር ስትደርስ ሁላችንም እንደ ልማዱ እጁ ወደ አፉ ሲሄድ ጠበቅን። እሱ ሳህኑን ዘረጋ።

«እማዬ፣ ጨምሪልኝ» አለ።

ሚንዱ ጨመረችለት። ሳትጠይቀው ደግማ ጨመረችለት። ከዚያ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ፣ «ቢዳ፣ ሩዝ አምጪ፤ ልጄ አልጠገበም» አለች። እኔም «መሹ» ልል መዳፌን አፌ ላይ ጋርጄ ጠበቅሁ፤ ማንም የጠየቀኝ አልነበረም።